ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ

(በሕንድ አገር አንዲት የገበሬ መንደር ጎብኝተን ስንመለስ፣ ለቦሌና ለምሥራቅ አዲስ አበባ ዳርቻ ገበሬዎች ያደረግነው ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በሕንድ አገር ስለ ጎበኘናት አንዲት ትንሽ የገበሬ መንደር ነው። ነገሩ ሲሰሙት የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ግን አይደለም። የምንነጋገረው እናንተ በየክረምቱ ስለምትታገሉት ስለ ጥቁሩ አፈር፣ ስለ ዋልካው ነው። አንዳንዱ ሰው መረሬ ይለዋል። በኦሮምኛ ደግሞ ኮትቻ ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው።

ለምን ሄድን?

ከቦሌ በስተ ምሥራቅ ያለውን አገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከቦሌ ለሚና ከቦሌ አራብሳ ጀምሮ እስከ የረር ተራራ ግርጌ ድረስ ሜዳው ብዙው ጥቁር አፈር ነው። ዛሬ ከዚህ ሜዳ ብዙው እርሻ መሆኑ ቀርቷል። በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በቦሌ አራብሳም የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። ቢሆንም በከተማው ዳርና ከከተማው ወዲያ ዛሬም ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ የሚዘራ ገበሬ አለ። መሬት እያነሰ ሲሄድ፣ በቀረችው ላይ የሚሠራው ሥራ የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል።

የዋልካን ጠባይ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሆኖም ለነገራችን መያዣ እንዲሆነን እናንሣው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የሰው እግር ይውጣል። በክረምት ደግሞ አፈሩ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይደፈናል፤ ውሃው ወደ ታች መስረግ ይሳነዋል። ማሳው ረግረግ ይሆናል። በሬው ይሰጥማል። ማረሻው በጭቃ ይያዛል። የተዘራውም ዘር ውሃ ተኝቶበት ይበሰብሳል።

ይህ ሁሉ ለምን ይሆናል? ዋልካ ሸክላነቱ የበዛ አፈር ስለሆነ ነው። ቅንጣቱ እጅግ የደቀቀ ነው። ውሃ ሲያገኝ ይጠጣና ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተራል። በዋልካ ላይ የተሠራ ቤት ግድግዳው ቶሎ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ገበሬው ምን ያደርጋል? ብዙው ክረምቱን ያሳልፋል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራውን፣ ምስሩንና ጓያውን ይዘራል። ጤፉንም አዘግይቶ ይዘራል። የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ግን አንድ ዛላ ሳያበቅል ወርዶ ይሄዳል። ባዶውን የሰነበተውን መሬትም ጎርፍ ይጠርገዋል። ዝናቡ ቀድሞ የቆረጠ ዓመት ደግሞ ዘግይቶ የተዘራው ሰብል ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። ያን ጊዜ የሚጎድለው ጎተራው ነው። የሚራበውም ልጅ ነው።

ይህ የአንድ ቀበሌ ችግር አይደለም። በኢትዮጵያ ያለው ጥቁር አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ ይገመታል። ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ በደጋውና በወይና ደጋው አገር ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ አፈር ይዞ የሚኖር ሌላ ገበሬ በዓለም ላይ የለም ወይ? አለ። በሕንድ አገር፣ ደካን በሚባለው ሰፊ አምባ ላይ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ በጥቁር አፈር ላይ ይኖራል። እኛም ይህን ለማየት ሄድን።

መንደሪቱ

ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ለሕክምና ነው፣ ወይ ለንግድ ነው። ከተማውን አይቶ፣ ጨርቁን ገዝቶ ይመለሳል። አገር ግን ከተማ ብቻ አይደለም። ሕንድ ዛሬ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ከዚህ ሕዝብ የሚበዛው የሚኖረው በገጠር ነው። ስለዚህ የሕንድን ሰው ማወቅ የፈለገ ከዋናው መንገድ መውረድ አለበት።

በየቀኑ ከራሳችሁ በላይ ሲያልፍ የምታዩት አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጥቂት ሰዓት ቦምቤይ ያደርሳል። ቦምቤይ ዛሬ ሙምባይ ይባላል። ከዚያ በባቡር ወደ ሃይደራባድ፣ ከሃይደራባድ ደግሞ በአውቶቡስ ወደ ገጠር ሄድን። የደረስንበት ጊዜ በእኛ አቆጣጠር የመስከረም መጨረሻ ነበር። የዚያ አገር ክረምትም እንደኛ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው።

መንደሪቱ ትንሽ ናት። ቤቶቹ እንደኛ አገር በየማሳው አልተበተኑም። በአንድ ላይ ተጠጋግተው ተሠርተዋል፤ እርሻው ዙሪያቸውን ነው። ከቤቶቹ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ኩበት አየን። ሴቶቹ ደጃፋቸውን በእበት ለቅልቀው አየን። ሻኛ ያላቸው በሬዎች ከዛፍ ሥር ታስረው ያመነዥካሉ። ቋንቋቸው ቴሉጉ ይባላል፤ አንድም ቃል አልገባንም። ኩበቱና እበቱ ግን ገባን።

የተቀበሉን አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። የመንደሩ ልጆች ታታ ይሏቸዋል፤ አያታችን እንደ ማለት ነው። እኛም ታታ አልናቸው። ያስተረጎመችልን የመንደሩ አስተማሪ ናት። ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው፣ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉን። ጫማችንን ደጅ አውልቀን ገባን። መጀመሪያ አሬራ ቀረበልን። ቀጥሎ የማሽላ ቂጣ፣ ከእርድና ከበርበሬ ጋር ከተሠራ የክክ ወጥ ጋር መጣ። በቀኝ እጃችን ቆርሰን በላን። የበሬ ሥጋ በዚያ ቤት አይበላም። ብዙዎቹ የሕንድ ሰዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ላምና በሬ አያርዱም። በዓመት አንድ ቀን እንዲያውም የበሬ በዓል ያከብራሉ። በዚያን ቀን በሬው ይታጠባል፤ ቀንዱ ቀለም ይቀባል፤ ቀንበር አይነካውም።

ከምግቡ በኋላ ታታ የዘር ቋታቸውን ከፍተው አሳዩን። ሽምብራ አለ። ማሽላ አለ። ከጆንያው አንዱን ፈትተው ሲያሳዩን ዳጉሳ ሆኖ አገኘነው። በዚያ አገር ራጊ ይሉታል። ወገኖቻችን፣ ይህ ዳጉሳ ከየት እንደ ሄደ ታውቃላችሁ? ሊቃውንት እንደሚሉት ዳጉሳ መጀመሪያ የለመደው በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ አገር ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገባ። ኑግም እንዲሁ ከኢትዮጵያ ሄዶ ዛሬ በብዙ የሕንድ ክፍል ይዘራል። ዘር እግር አለው። ከእኛም ሄዷል፤ ወደኛም መጥቷል። ለምሳሌ በአገራችን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለገበሬው የተሰጠው ሻሾ የተባለው ሽምብራ የተገኘው በሕንድ ምርምር ጣቢያ ከተዳቀለ ዘር ነው።

ጥቁሩ አፈር በዚያ አገር

ከሰዓት በኋላ ወደ እርሻው ወጣን። አፈሩን አንሥተን በእጃችን አሸነው። ጥቁር፣ የሚጣበቅ፣ ከባድ ዋልካ ነው። ታታ እንዲህ አሉን።

«በልጅነቴ ይህ መሬት ክረምቱን ባዶውን ይቀመጥ ነበር። ዝናቡ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ከዚያ በቀረው እርጥበት ማሽላና ሽምብራ እንዘራለን። በክረምት ወደዚህ ማሳ የገባ በሬ በጭንቅ ይወጣል።»

እርስ በርሳችን ተያየን። አዛውንቱ የሚናገሩት የሕንድን እርሻ ነው ወይስ የአራብሳን?

እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ከሃይደራባድ አጠገብ፣ ፓታንቼሩ በምትባል ቦታ፣ ዝናብ አጠር ለሆኑ ሞቃት አገሮች የሚሠራ ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ተቋም ተቋቋመ። በአጭር ስሙ ኢክሪሳት ይባላል። ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር። «ይህ መሬት ክረምቱን ለምን ባዶውን ይቀመጣል?» ያገኙት መልስም ቀላል ነው። ችግሩ ውሃው መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ መውጫ ማጣቱም ነው።

ስለዚህ ማሳውን መደብ በመደብ አደረጉት። ሰፊና ዝቅ ያለ መደብ፣ ከመደቡ ጎን ቦይ፣ እንደገና መደብ፣ እንደገና ቦይ። ሰብሉ በመደቡ ላይ ይበቅላል። ትርፉ ውሃ በቦዩ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቦዩ ቁልቁል አይሰደድም። ዳገቱን አግድም ይዞ በመጠነኛ ዘንበልታ ይሄዳል፤ ውሃው እንዳይሮጥና አፈር እንዳይወስድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ታዳንፓሊ በምትባል መንደር ይህን በገበሬ ማሳ ላይ ሞከሩት። ክረምቱን ባዶውን ይቀመጥ የነበረው መሬት በአንድ ዓመት ሁለት ሰብል ሊሰጥ እንደሚችል ታየ። አንዱ በዝናቡ ይበቅላል፤ ሁለተኛው ደግሞ በተረፈው እርጥበት።

ባለ ጎማው መሣሪያ

እስካሁን ያወራነው መልካሙን ነው። አሁን ደግሞ ያልተሳካውን እንንገራችሁ። እንግዳ ሆኖ መልካሙን ብቻ ሰምቶ የተመለሰ ሰው ግማሹን ብቻ ይዞ ገብቷል።

መደቡን የሚሠራው ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያ ነበር። በሬ ይጎትተዋል፤ ያርሳል፣ መደብ ያወጣል፣ ይዘራል፣ ይኮተኩታል። ማለፊያ መሣሪያ ነበር። ዋጋው ግን ከአንድ ጥንድ በሬ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ታታን «እርስዎ ገዙት ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁና «በሬዎቼን ሸጬ መሣሪያውን ብገዛ ምን ሊጎትተው ነው?» አሉን።

ይህ የእርሳቸው ብቻ ነገር አልነበረም። ባለ ጎማው መሣሪያ በሕንድም፣ በአፍሪካም በብዙ አገር ተሞክሯል። በምርምር ጣቢያ ሲሠራ ያማረው መሣሪያ በገበሬው ደጅ ሳይለመድ ቀርቷል። ውድ ነው፤ ከባድ ነው፤ ሲሰበር በመንደሩ ቀጥቃጭ አይጠገንም።

ሌላም ችግር ነበር። በመደቡ ቀድሞ የተዘራ ማሳ አረም ይበዛበታል። ማዳበሪያም ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ያለው ገበሬ ተጠቀመ፤ የሌለው ወደ ኋላ ቀረ። ዛሬ በዚያ አካባቢ ጥቁሩ መሬት ብዙው ጥጥ የሚዘራበት ሆኗል። ትራክተርም ገብቷል። ጥጥ ገንዘብ ያመጣል፤ ግን ለዘሩና ለመድኃኒቱ በብድር የሚዘራ ገበሬ ዝናብ ሲጎድልበት ዕዳው ይቀርበታል። ይህንንም ታታ አልደበቁንም።

ነገሩ ወደ ጉርድ ሾላ መጣ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ጉርድ ሾላ፣ ብዙዎቻችሁ በአጠገቡ የምታልፉት አንድ ትልቅ ግቢ አለ። በዚያ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመ ኢልካ የሚባል የአፍሪካ የከብት ርባታ ምርምር ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በኬንያ ከነበረ ተመሳሳይ ተቋም ጋር ተዋሐደና ዛሬ ኢልሪ ይባላል።

የከብት ምርምር ማዕከል ስለ አፈር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። በሬ ያለ እርሻ፣ እርሻም ያለ በሬ ስለማይሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኢልካ ሰዎች፣ ከኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ተቋም፣ ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእርሻ ሚኒስቴርና ከሕንዱ ከኢክሪሳት ጋር ሆነው ስለ ዋልካ መሬት በአንድነት መሥራት ጀመሩ። በደብረ ዘይት፣ በእነዋሪ፣ በደጀንና በጊንጪ በገበሬዎች መሬት ላይ ሞከሩ።

የሕንዱን ባለ ጎማ መሣሪያ ግን ለገበሬው እንዳለ አላወረሱትም። የኛ በሬ ትንሽ ነው፤ አይጎትተውም። የኛም ገበሬ ኪስ አይችለውም። ስለዚህ ሐሳቡን ወሰዱ፣ መሣሪያውን ተዉት። መደቡን በማረሻ ለመሥራት ተነሡ። አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚሉት ይህን ነው።

እንዴት አደረጉት? ሁለት ሞፈር ጎን ለጎን አስተሣሠሩ። ጫፋቸው በቀንበሩ ላይ ይገናኛል፤ ከኋላ ግን ይራራቃሉ። አፈሩን ወደ መሐል የሚገለብጥ ክንፍ ገቡበት። ከኋላ ደግሞ ሰንሰለት አንጠለጠሉ። በሬው ሲጎትት ክንፎቹ አፈሩን ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል ይሰበስባሉ፤ መደቡ ይወጣል። ሰንሰለቱ መደቡን ያስተካክላል፤ ዘሩንም አፈር ያለብሳል። የመደቡ ስፋት 80 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ የቦዩ ደግሞ 40 ሳንቲሜትር ያህል። በክንድ ለሚለካ ሰው መደቡ ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ቦዩም አንድ ክንድ አይሞላም። መሣሪያው ሲሠራ የቆየው በመንደር ሰው ሊሠራ ከሚችል እንጨትና ብረት ነው። ከጊዜ በኋላም እየቀለለ እንዲሄድ ተደርጓል።

ማሳው በፊት እንደ ተለመደው ደጋግሞ ይታረሳል። መደቡ የሚወጣው በመጨረሻው እርሻ ነው። በዚህ ዘዴ ስንዴ እስከ ነሐሴ መጨረሻ መጠበቁ ቀርቶ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ሊዘራ ቻለ። ቀድሞ የተዘራ ቀድሞ ይደርሳል። የክረምቱን ዝናብም ሰብሉ ይጠጣዋል።

የእነዋሪ ሰዎች ቀድመው ያውቁት ነበር

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን የበለጠ ያስደነቀን አንድ ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ በሰሜን ሸዋ ወደ እነዋሪ ሲሄዱ የሞረትና ጅሩ ገበሬ መደቡንና ቦዩን ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሆኖ አገኙት። የጅሩ ሰንጋ የሚወጣበት ያ አገር መሬቱ ዋልካ ነው። ገበሬው ያርሳል፤ ዘሩን ይዘራል። ከዚያ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወርዶ ከቦዩ አፈር እየዛቀ በመደቡ ላይ ዘሩን ያለብሳል። ይህን በእጃቸው የሚሠሩት በብዛት ሴቶችና ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ተመልከቱ። ነገሩን ፍለጋ ባሕር ተሻግረን ሕንድ ደረስን። ዕውቀቱ ግን በእነዋሪ እናቶች እጅ ነበር። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የሚበዛው ድካሙ ነበር። ጎንበስ ብሎ ማሳ ሙሉ አፈር በእጅ መዛቅ ወገብ ይቆርጣል። ከእርሻ መሣሪያው የተገኘው ትልቁ ጥቅም ይህን ሸክም ከእናቶችና ከልጆች ላይ ማንሣቱ ነው።

በሌላም አገር ገበሬው በራሱ መላ ዋልካን ሲታገል ኖሯል። ፈሰስ የማያወጣ የዋልካ ገበሬ የለም። በሸኖ አካባቢ ደግሞ አፈሩን ከምረው የሚያቃጥሉበት ጋይ የሚባል ዘዴ ነበር። ለጊዜው ገብስ ይሰጣል፤ በኋላ ግን መሬቱን ያደክማል። ስለዚህ የአባት ዘዴ ሁሉ ይያዝ ወይም ሁሉ ይጣል አንልም። ይመርመር እንላለን።

ውሃው የት ይሄዳል?

አሁን ጎረቤትን ከጎረቤት ወደሚያጣላው ነገር ደርሰናል። መደብ ሠራን፣ ቦይ አወጣን። ውሃው ከማሳችን ወጣ። ታዲያ የት ገባ? ከእናንተ ማሳ የወጣው ውሃ ከታች ባለው ሰው ስንዴ ላይ ከተኛ ምርት አላመጣችሁም፤ ጠብ አመጣችሁ። መውጫው ሳይታሰብ የተሠራ ቦይም በጥቂት ዓመት ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦር የሁሉን ማሳ ይበላል።

ይህን ለታታ አንሥተን ጠየቅናቸው። «ማረሱ በአንድ ሰው ይሆናል፤ ውሃ ማውጣቱ ግን የመንደር ሥራ ነው» አሉን። በሕንድ መንደር ፓንቻያት የሚባል ምክር ቤት አለ። ስሙ የመጣው አምስት ከሚለው ቃል ነው፤ በጥንት ዘመን አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይፈርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ ሕግ የፓንቻያቱ አባላት በምርጫ ይመረጣሉ፤ ከሦስት ወንበር አንዱ ከማያንስ ለሴቶች ነው። የጋራ መፋሰሻ የት ይውጣ የሚለው በዚያ ይመከርበታል።

እኛም ሽማግሌ አለን፤ ዕድር አለን፤ ደቦ አለን። ስለዚህ ከክረምት በፊት፣ በግንቦት፣ በአንድ ዳገት ላይ ያሉ ገበሬዎች ሁሉ አብረው ማሳውን ይዙሩ። ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚወርድ ይዩ። አንድ የጋራ መፋሰሻ ይምረጡ። ዳርና ዳሩን ሣር ያልብሱት። ይህን ሳያደርጉ መደብ መሥራት ግማሽ ሥራ ነው።

ጎብኝ ምን ይጠይቅ?

እናንተም አንድ ቀን ትጎበኙ ይሆናል። ሕንድ መሄድ ግዴታ አይደለም። የጎረቤት ወረዳም አገር ነው። ወደ ሌላ ገበሬ መንደር የሄደ ሰው በግርምት «እንዴት ያምራል!» ብሎ ብቻ አይመለስ። አምስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፣ አፈሩና ዝናቡ የኛን ይመስላል ወይ? አፈሩን በእጁ ይሸው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ወይም ዘሩ ዋጋው ስንት ነው? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?

ሦስተኛ፣ ሥራው በማን ላይ ይወድቃል? ለአባወራው የቀለለ ሥራ ለእማወራዋ የሚከብድ ከሆነ ቀለለ አይባልም።

አራተኛ፣ ሞክሮ የተወው ሰው አለ ወይ? ለምን ተወው? ከተሳካለት ሰው ይልቅ አንዳንዴ የተወው ይበልጥ ያስተምራል።

አምስተኛ፣ ጎረቤት ምን አለ?

ይህን ጠይቆ የተመለሰ ሰው ያየውን ሁሉ በአንድ ጊዜ በማሳው ላይ አያውለው። በጥማድ መሬት ሳይሆን በአንድ ጥግ ይሞክር። ዘንድሮ ከማሳችሁ አንዱን ጥግ በመደብ ዝሩት። ቀሪውን እንደ ልማዳችሁ ዝሩት። ከዚያ አወዳድሩ።

ማወዳደሩ ላይ ነው እንግዲህ ፊደሉ የሚጠቅማችሁ። ሰው ይረሳል። «አምና ዝናቡ መቼ ገባ?» ሲባል አንዱ በሰኔ ሚካኤል ይላል፤ ሌላው ከዚያ በፊት ነው ይላል። ደብተር ግን አይረሳም። አንድ ደብተር ያዙ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበትን ቀን ጻፉ። የዘራችሁበትን ቀን ጻፉ። ስንት ቁና ዘር እንደ ዘራችሁ ጻፉ። አረም ስንት ቀን እንደ ፈጀ፣ ማንስ እንዳረመው ጻፉ። በመጨረሻም ከመደቡ ጥግና ከሌላው ጥግ ስንት እንደ ተወቃ ለየብቻ ሰፍራችሁ ጻፉ። ሁለትና ሦስት ዓመት እንዲህ ካደረጋችሁ ለማሳችሁ የሚሆነውን ማንም ከሩቅ መጥቶ አይነግራችሁም። ደብተራችሁ ይነግራችኋል። የግብርና ባለሙያ ሲመጣም ባዶ እጃችሁን አትቀበሉትም። «ይህን አየን፤ ይህ ለምን ሆነ?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ።

ወገኖቻችን፤

ስንለያይ ታታ ደጃፋቸው ድረስ ሸኙን። በቋታቸው ካየነው ዳጉሳ አንድ እፍኝ ሊሰጡን ፈለጉ። ዘር ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አይሻገርም፤ በሽታና ተባይ ይዞ ሊሄድ ይችላልና። ስለዚህ አመስግነን ተውነው። በፈንታው መደቡን በክንድ ለክተን፣ የቦዩን ጥልቀት አይተን፣ በወረቀት ሥለን መጣን። ወረቀቱ እነሆ። ከዚህ ንግግር በኋላ በእጅ በእጃችሁ ተቀባብላችሁ እዩት። ልኩን አንብቡት። የሚሆነውን ውሰዱ፤ የማይሆነውን ተዉት። እንዳለ ግን አትቅዱት፤ በሬው የእናንተ ነው፤ አፈሩም የእናንተ ነው።

ግንቦት ሳያልፍ ማሳችሁን አብራችሁ ዙሩ።